ሌሊት ልጄን ያፈነው ሳል፦ ስለ ክሩፕ ለእናቶችና ለአባቶች

ይህን የምጽፈው ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ላላችሁ ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ፣ ወይም ከፍ ብላችሁ በጮቄ ዙሪያ ደጋው ላይ ለምትኖሩ። ክሩፕ የሚባለው፣ የሕፃን መተንፈሻ ቧንቧ የሚያብጥበት ሕመም የሚበረታው በዚህ ዕድሜ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ልጁ አንድ ዓመት አልፎት ሁለት ሳይሞላው። ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፣ ራሱ ይለቃል። አንዳንዴ ግን በአንድ ሌሊት ውስጥ ልጁን ትንፋሽ ያሳጣዋል። እኛ ጋ ደግሞ ሕመሙን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱ ትክትክ ነው ይላል፣ ሌላው ምች መትቶት ነው ይላል፣ አንዷ ደግሞ እንጥሉ ወርዷል ብላ ቆራጭ ታስጠራለች። የልጄን ነገር ዘርዝሬ የምነግራችሁ ድምፁን ቀድማችሁ ካወቃችሁት ያቺን ሌሊት የምታደርጉት ስለማይጠፋችሁ ነው።

ልጄ ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ። ሰሞኑን ንፍጥ ነበረበት፣ ገላውም ሞቅ ይል ነበር፤ ጡቱን ግን ይጠባል፣ ይጫወታል። ክሩፕ እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ እንደ ማንኛውም ጉንፋን። የዚያን ዕለት ማታ ግን ድምፁ ተለወጠ። "እማ" ሲለኝ እንደ ወትሮው ጥርት ብሎ አልወጣም፤ ጎርነን አለ። ልቅሶውም ሰለለ። ይህን ልብ በሉ። ጉንፋን የያዘው ሕፃን ድምፁ ከጎረነነ፣ የዚያን ሌሊት ቀለል ያለ እንቅልፍ ተኙ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ሳል ቀሰቀሰኝ። ደረቅ ነው፣ ወፍራም ነው፣ አክታ የሌለው፤ ቡችላ ሲጮኽ የምትሰሙትን ዓይነት። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ደረት ይወጣል ብሎ የሚገምት ሰው የለም። ብድግ አድርጌ ሳቅፈው ደንግጦ አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር ከጉሮሮው የሚያፏጭና የሚሻክር ድምፅ ይሰማ ጀመር። ወደ ውጭ ሲተነፍስ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ሲስብ ነው። ሐኪሞች ስትራይደር ይሉታል። አስም ወይም የደረት ሕመም ሲሆን ፉጨቱ የሚበዛው አየር ሲወጣ ነው፤ የክሩፕ ግን ሲገባ ነው። ይህችን ልዩነት በጆሯችሁ መለየት ትችላላችሁ፤ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ባለቤቴ በስልኩ መብራት ሲያበራልኝ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቤ ደረቱን አየሁት። አየር በሳበ ቁጥር አንገቱ ሥር፣ ከደረቱ አጥንት በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች። የጎድን አጥንቶቹ መካከልም ቆዳው ገባ ወጣ ይላል። ጡት ሰጥቼው ዝም ካለ በኋላም ድምፁ አልጠፋም። እንሂድ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ሲያለቅስ ወይም ሲሮጥ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ቀለል ያለ ነው፤ ጸጥ ብሎ፣ ተኝቶ ወይም እየጠባ የሚሰማ ከሆነ ግን ሳይነጋ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎች በሚሠሩበት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም ልጁ ሳይረበሽ የሚሰማ ስትራይደር የአደጋ ምልክት ነው፤ ልጁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

አማቴ ለኅዳር ሚካኤል ከአማኑኤል ከተማ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። ድምፁን እንደሰሙ፣ "ኧረ ልጄ፣ ይኸ እንጥል ነው! አባቱም በዚሁ ዕድሜው አስቆርጬለት ነው የዳነ" አሉ። የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ የልጅ ልጃቸው ዓይናቸው እያየ ሲታፈን ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። "እማማ፣ አንቱ ጋቢውን ያዙልኝ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው" አልኳቸው። እሺ ብለው ተነሡ። ባለቤቴ ባጃጅ የሚነዳውን ጎረቤታችንን ቀሰቀሰው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። እንጥል ያለው የአፍ ጣሪያ መጨረሻ ላይ፣ ከምላስ ጀርባ ነው። ክሩፕ የሚያብጠው ከዚያ በጣም ወርዶ፣ ከድምፅ አውታሮች በታች ያለው የመተንፈሻ ቧንቧ ነው። እንጥል ቢቆረጥ እዚያ ታች ያለው እብጠት በምንም አይቀንስም። ይልቁንም አስቀድሞ አየር ያጠረው ልጅ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ባልተቀቀለ ስለት ቴታነስና ኤች አይ ቪ ሊገባበት ይችላል። በጣት ጉሮሮ ማስቧጠጥም እንዲሁ ነው። ቆራጩ "ቆረጥኩት፣ ተሻለው" የሚለውም ምክንያት አለው፦ የክሩፕ ሳል ቢነካም ባይነካም አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ይለዝባል፣ ምስጋናውን ግን ስለቱ ይወስደዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም እንጥል መቁረጥንና ሕፃን ቅቤ ማስዋጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቆጥሯቸዋል። እናንተ ግን ሕጉን ፈርታችሁ ሳይሆን ለልጁ ብላችሁ ማንንም ሰው ጉሮሮው ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ከልክሉ።

ባጃጅ ውስጥ አማቴ ብርድ እንዳይመታው ብለው ጋቢውን ፊቱ ላይ ይከናንቡታል፣ እኔ እገልጥለታለሁ። ሰውነቱን አሙቀን ፊቱን ለነፋሱ ተውነው። መንገድ ላይ ድምፁ ቀለል አለ፣ ደረቱም ትንሽ ረገበ። ባለቤቴ "ተሻለው መሰለኝ፣ እንመለስ ይሆን?" አለ። አልተመለስንም። ቀዝቃዛ አየር ክሩፕን ለጊዜው እንደሚያስታግስ ወላጆች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ጄኔቫ ላይ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ደግፎታል። ዴክሳሜታዞን የተባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ከተሰጣቸው ልጆች መካከል 30 ደቂቃ ውጭ ብርዱ ላይ የቆዩት ክፍል ውስጥ ከቆዩት ይልቅ ቶሎ ተሽሏቸዋል። ግን ማስታገስ ብቻ ነው። እብጠቱ እዚያው ስላለ ልጁ ሞቅ ያለ ቤት ሲመለስ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ መንገድ ላይ ቢሻለውም ጉዞውን ጨርሱ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተረኛዋ ዶክተር ያደረገችው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከእኔ እቅፍ አልወሰደችውም። አፉን በእንጨት አላስከፈተችም፣ አልጋ ላይ አስተኙት አላለችም። ፊት ለፊታችን በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሸሚዙን እንድገልጥላት ብቻ ነገረችኝና ዝም ብላ ትንፋሹን ቆጠረች። ኋላ ስጠይቃት፣ "የክሩፕ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር አየር በኃይል ይስባል፤ በኃይል በሳበ ቁጥር የጠበበው ቧንቧ ይበልጥ ይጠብበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና አለማስለቀስ ነው" አለችኝ። ትልቁን ነገር ያስጨበጠችኝ በዚህ ነው። ቤት ውስጥም የሚሠራው ይኸው ነው፦ ልጁን ጭናችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ጀርባውን ደረታችሁ ላይ አስደግፉት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። በግድ አታጋድሙት። የቤቱ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ከጮኸ የሚከፍለው እሱ ነው።

የእብጠቱንም ነገር አስረዳችኝ። ከድምፅ አውታሮች በታች ቧንቧውን ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት የመሰለ ለስላሳ አጥንት አለ። ቀለበቱ ወደ ውጭ ስለማይለጠጥ፣ የውስጡ ሽፋን ሲያብጥ ወደ መሐል ብቻ ይመጣል። 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሕፃን ቧንቧ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ቢያብጥ የሚቀረው ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አየር የሚያልፍበት ስፋት ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ያው እብጠት በእኔ ወይም በእናንተ ጉሮሮ ቢሆን ድምፃችን ይዘጋል እንጂ አንታፈንም። በቤቱ ሁሉም ሰው ጉንፋን ይዞት ሕፃኑ ብቻ የሚጨነቀው ለዚህ ነው።

የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፓራኢንፍሉዌንዛ የሚባለው፣ አንዳንዴም የኢንፍሉዌንዛ፣ የኮሮና ወይም የሌሎች ጉንፋኖች ቫይረስ። ስለዚህ የባክቴሪያ መድኃኒት የሆነው አሞክሲሲሊን አያድነውም። ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ገዝቶ ማጠጣትም አይረዳም፤ ሳሉ የሚመጣው ከእብጠቱ ነውና።

ልጄ የተሰጠው ዴክሳሜታዞን ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። 10 ኪሎ ስለነበር በኪሎ 0.6 ሚሊ ግራም ታስቦ 6 ሚሊ ግራም አዘዘችለት። በአፍም በመርፌም ይሰጣል፤ ልጁ መዋጥ ከቻለ በአፍ መስጠቱ ከመርፌው ልቅሶ ያድነዋል። ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው። የሚሠራው ግን ወዲያው አይደለም፤ ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል። የልጄ ደረት በዕረፍት ላይ ሆኖም ይገባ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ፈሳሽ መድኃኒትን ወደ ጉም በሚለውጥ መሣሪያ (ኔቡላይዘር) አድሬናሊን የሚባል መድኃኒት አስተነፈሱት። ጭምብሉን ፊቱ ላይ ቢጭኑት ስለሚታገል እኔ ራሴ ከአፍንጫው ትንሽ ራቅ አድርጌ እንድይዝለት አደረጉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያ የሚሻክር ድምፅ እየሳሳ ሄደ። አማቴ ጣታቸውን ደረቱ ላይ አኑረው፣ "ተመስገን፣ ተመስገን" ይላሉ።

አድሬናሊን ፈጥኖ ይሠራል፣ ፈጥኖም ያልፋል፤ ኃይሉ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሲያልፍ እብጠቱ ሊመለስ ስለሚችል ቢያንስ ለሁለት፣ ቢቻል እስከ አራት ሰዓት እዚያው ይጠበቃል። "ተሽሎታል፣ እንሂድ" ብላችሁ አትቸኩሉ። እኛ ጎህ እስኪቀድ ቆየን፤ ዴክሳሜታዞኑም በዚያ መሐል ሥራውን ጀመረ። ስንወጣ ዶክተሯ የሚቀጥለው ሌሊትም ሊያስል እንደሚችል ነገረችን፤ አሳለውም፣ ግን በጣም ቀለል ብሎ። ክሩፕ ቀን ረገብ፣ ሌሊት በርታ የሚል ጠባይ አለው። ቀን ሲጫወት አይታችሁ ነገሩ አልቋል አትበሉ። ሳሉ ከጠፋ በኋላም ንፍጡ እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ቤት ውስጥ ስለሚደረጉት ነገሮች። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅሎ ማጠን በየቤቱ አለ። የፈላ ውኃ እንፋሎት ክሩፕን እንደሚያሽል የተገኘ ማስረጃ የለም፤ ልጁ ግን ድስቱን ቢገፋው የሚደርሰው ቃጠሎ ከክሩፑ የከፋ ነው። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሉን ማሞቅ ሌላው ነው፤ ጭሱ ያበጠውን ጉሮሮ ይበልጥ ያስቆጣዋል፣ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ሊገድል ይችላል። ማድቤት ጭስ ውስጥ አዝሎ መጋገርም ይቆይ፤ እንጀራውን ሌላ ሰው ይጋግር። ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫው ማንጠባጠብና ቅቤ ማስዋጥ ይቅሩ። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን በደንብ ስለማይውጥ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ። የሚጠቅመው ቀላል ነው፦ ቶሎ ቶሎ ጡት ወይም ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ትኩሳት ካለው በኪሎው የታዘዘ የፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ መስኮት ከፈት አድርጎ ንጹሕ አየር፣ የወላጅ እቅፍ።

ክሩፕ የሚመስሉ ግን ከክሩፕ የከፉ ነገሮች አሉ፤ እነዚህን ካያችሁ ደቂቃም አትጠብቁ። ጉንፋን ሳይኖረው፣ እየተጫወተ ወይም እየበላ ሳለ በድንገት ካነቀው፣ ጉሮሮው ውስጥ የገባ ነገር ሊኖር ይችላል። እኛ ጋ ሽምብራ፣ ባቄላና የበቆሎ ፍሬ ናቸው አስቸጋሪዎቹ። ትኩሳቱ ኃይለኛ ሆኖ፣ ለሀጩ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ወደ ፊት ተደፍቶ አገጩን አውጥቶ ከተቀመጠና ያ የቡችላ ሳል ከሌለው፣ ኤፒግሎታይትስ የሚባል የባክቴሪያ ሕመም ሊሆን ይችላል። አንገቱ አብጦ ጉሮሮው ላይ ግራጫ ሽፋን ካለ ዲፍቴሪያ የሚባለው የጉሮሮ ሕመም ነው የሚጠረጠረው። ሁለቱንም የሚከላከለው በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው የፔንታቫለንት ክትባት ነው። ኩፍኝም ክሩፕ ያመጣል፣ ያውም ክፉውን ዓይነት፤ ክትባቱ በዘጠኝና በአሥራ አምስት ወር ነው። ዶክተሯ መጀመሪያ ከጠየቀችኝ ነገሮች አንዱ የክትባት ካርዱ ነበር፤ ይዘነው ስለሄድን አንድ ጭንቀት ቀነሰላት። ትክትክ ደግሞ ሌላ ነው፤ ልጁ ትንፋሹ እስኪያልቅ ተከታትሎ ያስላል፣ መጨረሻ ላይ አየሩን በኃይል ይስባል፣ ብዙ ጊዜም ያስመልሰዋል፤ ለሳምንታት ይቆያል እንጂ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ እንዳትታለሉ። ሲታፈን ያደረ ልጅ በድንገት ዝም ካለ፣ ድምፁ ከቀነሰ፣ ግን ዓይኑ ከከበደ፣ መጥባት ከተወ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ያ መዳን አይደለም። ደክሞት ነው፤ አየር መሳብ አቅቶታል። ከተሻለው ልጅ ጋር አታምታቱት፤ የተሻለው ልጅ ያያችኋል፣ ይጠባል፣ ይጫወታል።

በዓመቱ እንደገና ያዘው፤ ሁለቴና ሦስቴ የሚመላለስባቸው ልጆች አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ሳሉ ያው ነበር፣ ግን ጸጥ ሲል ድምፅ የለውም፣ ደረቱም አይገባም። በረንዳ ላይ በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌው ጥቂት ቆየሁ፣ ሲረጋጋ አስተኛሁትና አጠገቡ ሆኜ ትንፋሹን እያዳመጥኩ አደርኩ። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ቀላል ክሩፕም ቢሆን አንድ መጠን ዴክሳሜታዞን እንደሚጠቅመው ነግረውን በአፉ ሰጡት። መድኃኒቱን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ ቤት አታስቀምጡ፣ ከጎረቤት ልጅ የተረፈም አትስጡ። መጠኑ በኪሎ ይሰላል፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ክሩፕ መሆኑን የሚለየውም የሚያየው ባለሙያ ነው።

ሳሉ ሐኪም ፊት ላይሰማ ይችላል፤ ነፋሱ አስታግሶት ትደርሳላችሁ፣ "ደህና ነው" ትባላላችሁ። ስለዚህ ቤት እያላችሁ ድምፁንና ደረቱን በስልክ ቅረጹት። ከተማ ላላችሁ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ይኑራችሁ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ገጠር ላላችሁ ግን ሌሊት መኪና የለም፣ መንገዱም ይታወቃል። ጉንፋን የያዘው ልጅ ድምፁ በቀን ከጎረነነ ወይም ያ ሳል ባለፈው ሌሊት ከተሰማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የምትኖሩት ከጤና ጣቢያ ርቃችሁ ከሆነ የዚያችን ሌሊት ከተማ ዘመድ ቤት እደሩ። ጤና ጣቢያው ሪፈር ከጻፈላችሁም የመጀመሪያውን መድኃኒት ሳትነሡ እዚያው ሊሰጡት ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ መንገዱን የሚያሻግረው እሱ ሊሆን ይችላል።